ከዋና በኋላ አረንጓዴ ስለሆነ ፀጉር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የተላኩልኝ ጥያቄዎች ከተለያየ አገር የመጡ ቢሆኑም የሚያነሱት አንድ ችግር ነው፤ ወርቃማ ወይም ነጭ ፀጉር መዋኛ ገንዳ ገብቶ ሲወጣ አረንጓዴ መሆኑ። ዛሬ ሌላ ርዕስ አልነካም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። ፀጉሬን አሳጥሬ ብሎንድ ካደረግሁት ሦስት ወር ሆነኝ። ሕንፃችን ላይ ገንዳ ስላለ ከሥራ ስመለስ እዋኛለሁ። አሁን ጫፍ ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል። ፀጉር ቤት ብሄድ «ክሎሪን ነው፤ ድጋሚ ብሊች (የፀጉር ማንጫ) እናድርግልሽ» አሉኝ። ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አታድርጊው። አረንጓዴውን ያመጣው መዳብ ነው። የቆየ የነሐስ ዕቃ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ አስታውሺ፤ ፀጉርሽ ላይ ያለው የዚያ ዘመድ ነው። መዳብ ወደ ገንዳ የሚገባው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንድ ገንዳዎች አልጌ እንዳያበቅሉ ኮፐር ሰልፌት የሚባል የመዳብ ውህድ ያለበት መድኃኒት ይጨመርባቸዋል። ሌላው ደግሞ የውኃው አሲድነት ሲበዛ የመዳብ ቧንቧውንና ማሞቂያውን እየበላ መዳቡን ይዞት ይመጣል። ክሎሪንም ቢሆን ከነገሩ ነጻ አይደለም፤ ፀጉርን ያደርቃል፣ መዳቡንም ፀጉር ላይ ለመጣበቅ ያመቻቸዋል። ቀለሙ ግን የእሱ አይደለም።

ብሊች የፀጉርን የላይኛውን ሽፋን ይከፍታል፣ ፕሮቲኑንም ይለውጠዋል፤ በዚህ ምክንያት መዳብ የሚይዝባቸው ቦታዎች ይበዛሉ። ጫፉ ደግሞ ከሁሉም የቆየና የተጎዳ ስለሆነ ቀድሞ አረንጓዴ ይሆናል።

ድጋሚ ብሊች አታድርጊ ያልኩሽ ለዚህ ነው፦ ከብሊቹ ጋር የሚቀላቀለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መዳብ ሲያገኝ ከልክ በላይ ፈጥኖ ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ፀጉሩም እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ይበጠሳል። እንዲህ ያለ ፀጉር እጄ ላይ ሲቀር አይቻለሁ፤ የልጅቷ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። መጀመሪያ መዳቡ ይውጣ፣ ቀለም ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

መዳቡን የሚያወጣው «ኬሌቲንግ» (chelating) ወይም «ለዋናተኞች» የሚል የተጻፈበት ሻምፑ ነው። ጀርባውን አንብቢ፤ ኢዲቲኤ (EDTA) የሚባለው ንጥረ ነገር መዳብን አጥብቆ ይዞ ከውኃው ጋር ይወጣል። ፀጉርሽን በደንብ በውኃ ካራስሽው በኋላ ቀቢው፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ አቆይተሽ እጠቢው፣ ኮንዲሽነር አስከትዪ። ሁሉም በአንድ ቀን ላይለቅ ይችላል፤ ጥቂት ቀን አሳርፈሽ ድገሚው። ብሎንድ ፀጉር ያላቸው ሁሉ የሚገዙት ሐምራዊ ሻምፑ ለዚህ አይሆንም። እሱ የሚያለዝበው ቢጫን ነው።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ነን። የልጄ አባት ስዊድናዊ ስለሆነ ፀጉሯ በጣም ነጣ ያለ ወርቃማ ነው፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዋና ትምህርት በኋላ አረንጓዴ እየሆነ ትምህርት ቤት ይስቁባታል። ኬቻፕ፣ ሎሚ፣ አስፕሪን የሚሉ ምክሮች ሰማሁ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከሦስቱ ለልጅ የምመርጠው ኬቻፑን ነው። አሲድነቱ መዳቡን በመጠኑ ያላቅቃል፣ ቀይነቱም አረንጓዴውን ያደበዝዛል። ሩብ ሰዓት አቆይተሽ በሻምፑ እጠቢላት። ሎሚም ይሠራል፤ ነገር ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ክፉኛ ያቃጥላልና ውጭ እየተጫወተች አታድርጊላት። አስፕሪኑን ተዪው። ቤኪንግ ሶዳም የሚሉ አሉ፤ እሱ የፀጉሩን ሽፋን ይከፍተዋል እንጂ መዳቡን አያወጣውም።

ከሁሉ በፊት ግን መከላከሉ ላይ በርቺ። ወደ ገንዳው ከመግባቷ በፊት ፀጉሯን በንጹሕ የሻወር ውኃ አርሺው። ውኃ የጠጣ ፀጉር የገንዳውን ውኃ ብዙ አይጠጣም። ትንሽ ኮንዲሽነር ቀብተሽ ኮፍያ አልብሻት፣ ስትወጣ ሳይደርቅ ወዲያው ይታጠብ። የሚስቁባትን በተመለከተ መምህሯን አነጋግሪ። ለልጅቷም ያየችው ነገር መዳብ እንደሆነ፣ ጥቁር ፀጉር ያላቸው ጓደኞቿም ፀጉራቸው ላይ እንዳለ ንገሪያት። የእነሱ አይታይም እንጂ ውኃው አንድ ነው።

ስዊድን ካነሳሽ አይቀር፦ በ2011 በደቡብ ስዊድን አንደርስሌቭ በምትባል ከተማ የወርቃማ ፀጉር ባለቤቶች ሳይዋኙ ፀጉራቸው አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ምክንያቱ በአዳዲስ ቤቶች የመዳብ ቧንቧ ውስጥ የቆየ ሙቅ ውኃ ነበር። ልጅሽ ሳትዋኝም አረንጓዴው ከተመለሰ የቤታችሁን ውኃ አስመርምሪ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 67 ነው። ሐኪም ለጉልበቴ ዋና አዘዘልኝና ቢሾፍቱ አንድ ሆቴል እሄዳለሁ። ሽበቴ አረንጓዴ መሰለ። ሕመም ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፣ አባቴ፤ ዋናውን አያቋርጡ። ሽበት የራሱ ቀለም ስለሌለው መዳቡ ጎልቶ ይታያል። ለወርቃማ ፀጉር ያልኩት ሻምፑ ለእርስዎም ይሆናል። አንድ ነገር ላስቸግርዎ፦ ለገንዳው ኃላፊ ይንገሩልኝ። የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ከወረደ አሲድነቱ በዝቶ ማሞቂያው እየተበላ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ሽበት ያሳየው ነገር ለሆቴሉም ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ 613 ቁጥር (በጣም ነጣ ያለ) ብሎንድ ሂውማን ሄር ዊግ፣ ማለትም ከሰው ፀጉር የተሠራ ዊግ፣ ለብሼ ዋኘሁ። ብዙ ብር አውጥቼበታለሁ። ይድናል?

መልስ፦ ይድናል። ያ ፀጉር ወደ 613 ለመድረስ ጠንካራ ብሊች ያለፈበት ነው፤ ስለዚህ ከራስሽ ፀጉር ይበልጥ መዳብ ይስባል። አውልቀሽ በለብታ ውኃና በዚያው ሻምፑ እያለሳለስሽ እጠቢው፣ አትሺው፣ ሰቅለሽ ጥላ ላይ አድርቂው። ከእንግዲህ ገንዳ አይግባ።

ጥያቄ፦ ዋኝቼ አላውቅም። አሽ (አመድማ) ብሎንድ ተቀብቼ አረንጓዴ ወጣልኝ።

መልስ፦ የአንቺ ሌላ ነው። አሽ ቀለም ሰማያዊ መሠረት አለው፤ ከቀለሙ በታች ያለው ፀጉርሽ ገና ቢጫ ከሆነ ሁለቱ ተደምረው አረንጓዴ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ኬሌቲንግ ሻምፑ አይረዳሽም። ቀለሙን የሠራችልሽ ቀላ ባለ ቶነር (የቀለም ማስተካከያ) ታለዝብልሽ።

ጥያቄ፦ ኮፍያ ልበሱ ትላላችሁ፤ የእኔ ፀጉር ወፍራም ስለሆነ አንዱም አይገባልኝም። ቅቤ ብቻ ብቀባስ?

መልስ፦ ቅቤ ለፀጉራችን የምወደው ነገር ነው፤ ግን ከዋና በኋላ ለቤት ይሁን። ገንዳ ውስጥ ይቀልጥና ውኃውን ያበላሻል፣ የላቴክስ ኮፍያንም ያሳሳዋል። ለወፍራም ፀጉርና ለሹሩባ የተሠሩ ሰፋፊ የሲሊኮን ኮፍያዎች አሉ። ሶል ካፕ የተባለውን የዓለም የዋና ፌዴሬሽን በ2021 ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ሳይፈቅድ ቀርቶ ብዙዎቻችንን አሳዝኖ ነበር፤ በ2022 ግን ፈቅዶታል። ስትገዢ ሰፊውን መጠን ጠይቂ፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ ጠቅልለሽ ከግንባርሽ ጀምረሽ አጥልቂው።