ባሕር ዳር ለምትመጡ ልጆቼ፦ ዝርዝሩን ግማሽ አድርጉት

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ልትመጡ ካሰባችሁ ይህችን ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ በአስጎብኚነት ሠርቼ፣ እዚሁ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ወጣቶች ሲመጡ ስልካቸው ላይ ዝርዝር ይዘዋል። ዘጌ፣ ክብራን፣ እንጦንስ፣ ደብረ ማርያም፣ ጢስ አባይ፣ ቤዛዊት፤ ሁሉም በአንድ ቀን! ማታ ላይ ደክሟቸው የትኛው ፎቶ የት እንደተነሳ መለየት ያቅታቸዋል። እባካችሁ፣ ግማሹን ሰርዙት።

ጣና የጠዋት ነው። ጠዋት ውሃው ዝም ይላል። ከምሳ በኋላ ንፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባዋን ይንጣታል፣ ያኔ ሰው ስለ ገዳሙ ሳይሆን ስለ መመለሻው ነው የሚያስበው። ጀልባውን በዋዜማው ተነጋገሩ፣ ዋጋውንና የምትደርሱበትን ቦታ ቁርጥ አድርጉ፣ ላይፍ ጃኬት መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ። መዋኘት እችላለሁ ብሎ ነገር የለም።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጥልን ካላችሁኝ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም እላችኋለሁ። ከጀልባ ወርዳችሁ በቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ትሄዳላችሁ። ዘጌ በበሬ አይታረስም፤ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ብለው አባቶች ያቆዩት ነው፣ ጫካውም የተረፈው በዚያ ነው። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ መቅደሱ ዙሪያውን በስዕል ተሸፍኗል። አትቸኩሉ። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ስዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፣ አንዳንድ ቦታ የጨርቁ ጠርዝ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ዓይኖችን ተመልከቱ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ያዩአችኋል፣ ክፉዎቹ ግን በጎን ስለተሳሉ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ይህን ካወቃችሁ ማንም ሳያስረዳችሁ ግድግዳውን ታነቡታላችሁ። ፍላሽ አታብሩ፣ ቀለሙን ይጎዳል።

ከሴት እህቶቻችሁ ጋር የምትመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አይገባም። ወጣት ሳለሁ አንድ ቡድን ይዤ ክብራን ሄድኩና ይህን ቀድሜ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ሦስት ሴቶች ፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁን። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉም አብሮ ይገባል።

ዳርቻው ላይ ታንኳ ስታዩ ቁሙ። ከደንገል፣ ከውሃ ዳር ከሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል ነው የምትታሰረው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች እጅ ላይ ደንገሉ እንዴት እየጠበቀ እንደሚሄድ አንድ ሩብ ሰዓት ብታዩ ከብዙ ፎቶ ይበልጣል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳዋን አውጥተው ያደርቋታል፤ ዕድሜዋም ወራት ነው እንጂ ዓመታት አይደለም። ከዘጌ እንጨት ተጭኖ ወደ ከተማ ይመጣ የነበረው በእሷ ነው። ሰዎቹን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ፣ ስማቸውንም ጠይቁ። ሐይቁን ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮ ተጠብቆ ሰው አብሮት የሚኖርበት ቦታ ብሎ መዝግቦታል። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ከገባበት ግን ከ10 ዓመት በላይ ሆነው። አንድ የውሃ ፕላስቲክ እንኳ እንዳትጥሉበት፣ አደራ።

የጢስ አባይ ፏፏቴ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመስከረምና በጥቅምት ኑ። በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ቀጭን ሆኖ ታገኙትና ታዝናላችሁ፣ ያን ጊዜ እኔ ብሆን ቀኑን ለሐይቁ እሰጠው ነበር። የመንገዱን ሁኔታ ሳታጣሩ ከከተማ አትውጡ፤ የአገሩን ሰው ጠይቁ፣ አይሆንም ካሏችሁ ተዉት።

የመጨረሻውን ምሽት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ላለበት ለቤዛዊት ኮረብታ አቆዩልኝ። በባጃጅ ትደርሳላችሁ። ቤተ መንግሥቱን ሳይሆን ወንዙን እዩ፤ አባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። 11 ሰዓት ላይ ድረሱና ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። ዕድለኛ ከሆናችሁ ታች ውሃው ላይ እንደ ድንጋይ የሚመስል ጥቁር ነገር ታያላችሁ። ትንሽ ጠብቁ፣ ጆሮውን ካራገበ ጉማሬ ነው።