የመኪና መሪ መቀየር ይቻላል ወይ? ሁለቴ ቀይሬ ሁለቴም የተሳሳትኩት ልመልስልህ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የመኪናህ መሪ ቆዳው ተልጧል፣ ኤርባግ (ሲጋጭ የሚነፋው ትራስ) አለው፣ አንተ ደግሞ አነስ ያለች የስፖርት መሪ አይተህ ልብህ ሸፍቷል። «ብቀይረው በዓመታዊ ምርመራ ይጥሉኛል ወይ?» ነው ያልከው።

እኔ መሪ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። አንዴ ኤርባግ በሌለው አሮጌ መኪና፣ አንዴ ደግሞ ኤርባግ ባለው። ሁለቱም ላይ ጉድ ሆኛለሁ። ስለዚህ ረዘም ቢልብህም ታገሰኝ።

ዋናውን ላስቀድም። ኤርባግ ያለውን መሪ አውጥተህ ኤርባግ የሌለው አታስገባ። የራሱ የመኪናህ ሞዴል የሆነ ሌላ የፋብሪካ መሪ ግን፣ በትክክል ከተገጠመ፣ ብዙ ቦታ ችግር የለውም።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። መርማሪው የሚጠይቀው ግን ያው ነው። ፋብሪካው ሲሠራው መሪው ይሠራቸው የነበሩትን ነገሮች ዛሬም ይሠራል ወይ? በእንግሊዝ ዓመታዊ ምርመራ ከፋብሪካ የመጣው ኤርባግ ከጠፋ መኪናው ይወድቃል። የኤርባግ ማስጠንቀቂያ መብራት ብልሽት ካሳየም ይወድቃል። ጀርመን ውስጥ መሪው ለዚያ ሞዴል የተሰጠ የፈቃድ ወይም የቴክኒክ ምዘና ወረቀት ከሌለው የመኪናው የመንገድ ፈቃድ ራሱ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። አሜሪካ ደግሞ የፌዴራል ሕጉ ጋራዦች የደኅንነት ዕቃን ሆን ብለው ከሥራ ውጭ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ጃፓኖች ክላክስ መጫኛው ላይ የጡሩንባ ምልክት ከሌለ እንኳ አያሳልፉህም። መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ቆይቶ ሳስበው፣ መኪናውን የማያውቅ ሰው ሲነዳ በጭንቅ ሰዓት የት ይጫን?

አንተም ዕቃ ከመግዛትህ በፊት መኪናህን የሚመረምረው ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። የምትገዛው መሪ ወረቀት ካለው ይዘህ ሂድ። ለኢንሹራንስህም በጽሑፍ አሳውቅ። አደጋ ከደረሰ በኋላ ያልተነገረ ለውጥ ሲገኝ ክርክሩ ያሰለቻል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስህተቴ። መኪናዋ ኤርባግም ሆነ ፓወር ስቲሪንግ አልነበራትም። የራሷ መሪ ስፋት 380 ሚሊ ሜትር ነበር፤ እኔ 330 ገጠምኩ። ሲያዩት ያምራል። ግን መሪ ማለት በቃ ጉልበት ማባዣ ነው። ስፋቱ ከ380 ወደ 330 ሲወርድ ያንኑ ጎማ ለማዞር 15 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል። ሳቆም ክንዴ ይዝል ነበር። ሌላው ያላሰብኩት ነገር፣ የትንሿ መሪ ቀለበት በትክክል የፍጥነት መለኪያው ላይ ዐረፈ። ፍጥነቴን ለማየት አንገቴን እንደ ሰጎን እመዝ ነበር።

ፍሬቻውም ከዞርኩ በኋላ በራሱ አልጠፋ አለ። እሱን የምታጠፋው ከመሪው ሥር ያለች ትንሽ ጥርስ ናት። በመሪውና በዘንጉ መካከል የሚገባው አስማሚ በትክክለኛው አቅጣጫ ካልተቀመጠ ጥርሷ ቦታዋን ትስታለች። ክላክሱ ደግሞ መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ብቻ ነበር የሚጮኸው፤ የመሬት ሽቦው በደንብ አልተያዘም። «ይሁን፣ ይጮሃል» ብዬ ለምርመራ ሄድኩ። መርማሪው መሪውን ወደ ላይ ወደ ታች ነቅነቅ አደረገ፣ ክላክሱን ተጫነ። ጸጥ። ጨዋታው በዚያው አለቀ።

አስማሚውን ስታነሳ ሌላም ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 12 መኪና በሰዓት 48.3 ኪሎ ሜትር ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ የመሪው ዘንግ ጫፍ ወደ ነጂው ከ12.7 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይመጣ ይላል። የዘንጉ አካል ሲጋጭ ራሱ እንዲታጠፍ የሚሠራው ለዚህ ነው። አንተ ረጅምና ደረቅ የብረት አስማሚ ስትጨምር ግን ገና ሳትጋጭ መሪውን ወደ ደረትህ አቀረብከው። ከገዛህ ሲጋጭ የሚጨማደደውን ዓይነት ግዛ። ጠቅ አድርገህ የምትነቅለው የውድድር መሪ ለውድድር ሜዳ ነው፤ ብዙ ቦታ መንገድ ላይ አይፈቀድም።

ሁለተኛው ታሪኬ ለአንተ ይቀርባል። የተሻለ ደረጃ ካለው የዚያው ሞዴል መኪና የወጣ፣ ኤርባጉ አብሮት ያለ መሪ ገዛሁ። ባትሪውን ነቀልኩ፣ የኤርባጉ ኮምፒውተር ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ የመኪናህ ማኑዋል ይናገራል፤ አትቸኩል። ኤርባግ በ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ የሚነፋ ዕቃ ነው። ዐይንህን እንኳ ሳትጨፍን ይጨርሳል። ሲወጣ ሽፋኑ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። ቢፈነዳ ወደ ጣሪያ ይሂድ እንጂ ዕቃውን ራሱን አያስወነጭፈው። የኤርባጉን ቢጫ ሶኬቶች በቴስተር እለካለሁ እንዳትል።

ይህን ሁሉ በሥርዓት ሠርቼ በአንድ ነገር ወደቅሁ። ከመሪው ጀርባ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሽቦ አለ፤ መካኒኮች ክሎክ ስፕሪንግ ወይም ስፓይራል ይሉታል። መሪው እየዞረም ኤርባጉና ክላክሱ ሽቦ እንዳያጡ የሚያደርገው እሱ ነው። ወደ ሁለቱም በኩል የሚዞርበት ልክ አለው። እኔ መሪው ወጥቶ ሳለ በእጄ አዞርኩት፣ መሐሉንም ሳልፈልግ ገጠምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻ ስጠመዝዝ «ቀጭ» አለ። የኤርባጉ መብራት በራ፣ ክላክሱም ዝም አለ። አዲስ ስፓይራል ገዛሁ።

ስለዚህ ጎማዎቹን ቀጥ አድርገህ ጀምር፣ ስፓይራሉን ሳታዞር በፕላስተር እሰረው። ዘንጉና መሪው ላይ የሚገናኝ ምልክት አድርግ፤ አንድ ጥርስ ከተሳሳተ መሪው ጠማማ ይሆናል። ዳዶውን ጨርሰህ አታውጣው፣ በጥቂት ጥርስ ተይዞ ይቆይ። ያለዚያ መሪው ድንገት ሲለቅ ፊትህን ነው የሚያገኘው። አልወጣ ካለ በፑለር (መሪ መንቀያ መሣሪያ) አውጣው እንጂ በመዶሻ አትምታው። ዘንጉ እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ ነው ብዬሃለሁ። ዳዶውን መልሰህ ስታስር ማኑዋሉ በጻፈው የቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) መጠን ይሁን። መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር መረጋጊያ ሲስተም ያላቸው መኪኖች የመሪ ማዕዘን ሴንሰር አላቸው፤ አንዳንዶቹ ከቅያሪው በኋላ በማሽን ማስተካከል ይፈልጋሉ።

አሮጌ ኤርባግ ስትገዛ ደግሞ የወጣበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር ጠይቅ። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በሙቀትና በእርጥበት እያረጁ ሲፈነዱ ብረት ይረጫሉ ተብሎ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች ተጠርተዋል። ያ ዕቃ ዛሬም ከተፈታ መኪና ወጥቶ ሊሸጥልህ ይችላል። ሻጩ ቁጥሩን ከደበቀህ ተወው።

አንድ ወዳጅ እዚህ ሥር «ሬዚስተር (በኤርባጉ ሶኬት ላይ የሚገባ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) አስገባና መብራቱን አጥፋው» ብሎሃል፤ አክብሬው አልስማማም። ያ ኮምፒውተሩን ኤርባግ አለ ብሎ መዋሸት ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ ኤርባጉ ግን የለም። መኪናውን ነገ የሚገዛህ ሰውም አያውቅም።

በአንተ ቦታ ብሆን መሪውን አልቀይረውም ነበር። የተላጠው ቆዳ ነው፤ ቀለበቱን ብቻ ጎበዝ ባለሙያ አዲስ ቆዳ ያልብሰው። መካከለኛውን የኤርባግ ሽፋን ግን ማንም እንዳያለብሰው፤ ሲነፋ የሚቀደድበት መስመር ተለክቶ የተሠራ ነው። ቆዳውን ትንሽ ወፈር አድርገው ካሰፉልህ ደግሞ ያ የስፖርት መሪ ስሜት ግማሹ ይመጣልሃል።

የለም፣ መቀየሬ አይቀርም ካልክ የመኪናህን ሞዴልና ዓመተ ምሕረት፣ ከመሪው ጀርባ የሚታየውን የሶኬት ፎቶም ጨምረህ ለጥፍልን። አንዳንዱ ኤርባግ አንድ ሶኬት ነው ያለው፣ አንዳንዱ ሁለት። የትኛው ከየትኛው ዓመት ጋር እንደሚሄድ አብረን እናያለን።