እናትሽ ስልክ ቁጥሯን የትም እንዳታስገባ

ሰላም እህቴ። «እናቴ በግሪን ካርድ ከመጣች አምስት ዓመት አለፋት፣ በቅርቡ 65 ይሞላታል፣ ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ ናት፤ ለእሷ ዕድሜ የሚሆን መረጃና ዜና ኢንተርኔት ላይ የት ላግኝላት?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች የሊንክ መዓት ደርድረውልሻል። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ግማሹ ሊንክ የኢንሹራንስ ሻጭ ማስታወቂያ ነው፤ ከፍቼ አይቼዋለሁ። እኔም እናቴን ወደ ቨርጂኒያ ያመጣሁት እንዳንቺው ነው። የልጅ ልጅ ልታሳድግ መጣች፣ እንግሊዝኛው አልገባ አላት፣ ዩቲዩብን ግን ከሁላችንም በላይ አወቀችው። ያንቺም እንደዚያው ናት ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. መጀመሪያ መሄድ ያለብሽ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። ሜዲኬር 65 ለሞላቸው ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ነው፤ ማመልከቻው የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። 65 ከሚሞላት ወር በፊት ያሉት ሦስት ወራት፣ ወሩ ራሱ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት፣ በድምሩ 7 ወር አላችሁ። ያ ካለፈ ፓርት ቢ (የሐኪም ወጪ የሚሸፍነው ክፍል) ላይ ለዘገየችበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርባታል፤ ቅጣቱ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ እንዳይመስልሽ፣ ፓርት ቢ እስካላት ድረስ በየወሩ አብሯት ነው። እናትሽ እዚህ አገር ካልሠራች፣ አባትሽም ቢያንስ 10 ዓመት ያህል ታክስ እየከፈለ ካልሠራ፣ ፓርት ኤ (የሆስፒታል ወጪ የሚሸፍነው ክፍል) በነጻ አይሰጣትም። በ2026 ሙሉ ዋጋው በወር 565 ዶላር ነው፤ ፓርት ቢ ደግሞ 202 ዶላር ከ90 ሳንቲም። ይህን ሰምተው «በቃ ይቅርባት» ብለው የሚተዉ ብዙ ናቸው። አትተዪው። ገቢዋ ዝቅተኛ ከሆነ ስቴቱ የሚከፍልላት ሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም የሚባል አለ፤ ኪውኤምቢ የሚባለው ዓይነቱ የፓርት ኤንም ክፍያ ይሸፍናል። የሚጠየቀው በሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የስቴቱ የጤና ኢንሹራንስ) ቢሮ ነው።

2. እነዚህን ቁጥሮች ስልኳ ላይ በአማርኛ ስም አስገቢላት። ሜዲኬር 1-800-633-4227፣ ሌሊትም ያነሳሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ 1-800-772-1213። ሁለቱም አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባሉ፤ «አምሃሪክ» በያቸውና መስመሩን ሳትዘጊ ጠብቂ። (አጥርተሽ በይው፣ «አረቢክ» ብለው የሚሰሙ አሉ፤ እናቴ ከአንድ የሱዳን ሰው ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ ያውቃል።) ሦስተኛው ከሁሉም የሚበልጠው ነው፣ ሺፕ ይባላል፣ ስለ ሜዲኬር የሚያማክር ቢሮ ነው፣ 1-877-839-2675። ምንም አይሸጡም፣ አማካሪዎቻቸው ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ምክሩ በነጻ ነው። በየስቴቱ ስሙ ይለያያል፤ እኛ ጋ ቪካፕ ነው፣ ዋሺንግተን ስቴት ሺባ፣ ካሊፎርኒያ ሃይካፕ። ለምግብ፣ ለመጓጓዣና ቤት መጥቶ ለሚያግዝ ሰው ደግሞ ኤልደርኬር ሎኬተር፣ 1-800-677-1116፤ ሰፈራችሁ ያለውን የአረጋውያን ቢሮ ያገናኙሻል። ቤኔፊትስ ቼክአፕ የሚባለው ዌብሳይት ላይ ዚፕ ኮድ አስገብተሽ ምን ምን እርዳታ እንደሚደርሳት ማየት ትችያለሽ፤ ይህን ግን አንቺ ነሽ የምታደርጊው እንጂ እሷ አይደለችም።

3. ስልክ ቁጥሯን የትም ገጽ ላይ እንዳታስገባ። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው።

እናቴ ኩሽና ተቀምጣ ስብከት እየሰማች ሳለ መሀል ላይ ማስታወቂያ ገባ። ባንዲራ አለው፣ የሜዲኬርን ካርድ የሚመስል ቀይና ሰማያዊ ሥዕል አለው፣ «የአስቤዛ ካርድዎን ይውሰዱ» ይላል። ነካችው። ስምና ስልክ ጠየቃት፣ ሞላች። ከዚያ ስልኳ አላርፍ አለ። ሻጮች ሳትጠሪያቸው እንዳይደውሉ ሕጉ ይከለክላል፤ እሷ ግን ቁጥሯን ሞልታ ላይክ የምታደርግ መስሏት የነካቻት ትንሽ ሳጥን «ይደውሉልኝ ብላለች» ተብላ ተቆጠረች። መጨረሻ ላይ የደወለው የእኛው ሰው ነው። «እማማ፣ እኔ እንደ ልጅዎ ነኝ» እያለ፣ አገር ቤት የት እንደተወለደች ሳይቀር ጠይቆ፣ የካርዷን ቁጥር አስነበባት። በየመሀሉ «ተስማምተዋል?» ሲላት «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይባርክህ» ትላለች። እኛ አገር ሰው በአክብሮት ሲያናግርሽ ሌላ ምን ትያለሽ?

ካርዱ መጣ፣ ውሸት አልነበረም። እንቁላልና ዘይት ገዝታበት ደስ ብሏት ነበር። ጉዱ የወጣው የዓይን ሐኪሟ ጋ ስንሄድ ነው። ግላኮማ አለባት፣ የዓይኗ ግፊት በየጊዜው መለካት አለበት። ቀጠሮዋ ታይቶ ካለቀ በኋላ ቢሉ ቤት መጣ፤ ኢንሹራንሷ ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ ወደ አንድ የግል ፕላን ተዛውሯል፣ ያ ሐኪም ደግሞ በፕላኑ ኔትወርክ (ፕላኑ በሚከፍልላቸው ሐኪሞች ዝርዝር) ውስጥ የለም። ማንም ሳያማክረን ከመደበኛው ሜዲኬር ተነቅላ ወጥታለች፤ የመድኃኒት ኢንሹራንሷም አብሮ ተቀይሯል።

የሻጩ ቢሮ ሄድን። ግድግዳው ላይ የላሊበላ ሥዕል ተሰቅሏል፣ ቡና ፈልቷል። ሰውዬው እናቴን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «የስልኩ ድምፅ ተቀድቷል፣ ራሳቸው እሺ ብለዋል» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። በስልክ «እማማ» ሲላት የነበረው ሰው ወንበር እንኳ አላቀረበላትም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። የግል ፕላን ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ለጥርስና ለመነጽር ብለው ወደውት የሚኖሩበት ሰዎች አውቃለሁ። ግን ሐኪሟና መድኃኒቶቿ ዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን ሳያይ የሚያስፈርም ሰው የኮሚሽኑ እንጂ ያንቺ ወገን አይደለም፣ አማርኛ ቢናገርም።

ያዳነን ቪካፕ ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ ፈረንጅ ሴትዮ አስቀምጠውን፣ ከእኛ ጋር ሆነው ሜዲኬር ጋ ደወሉ፣ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ገባ፣ እናቴ በራሷ አፍ «አታለለኝ» አለች። በተሳሳተ መረጃ ለተዛወረ ሰው የተለየ የመቀየሪያ ዕድል አለ፤ በዚያ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። በዚያው ፓርት ዲ (የመድኃኒት ኢንሹራንሱ) እንደገና መመዝገብ እንዳለባት ያስታወሱን እኚሁ ሴትዮ ናቸው፤ እሱ ቢረሳ መድኃኒቷን ከኪሳችን ነበር የምንገዛው። አቤቱታውም ተጻፈ። ማጭበርበር ከሆነ ሲኒየር ሜዲኬር ፓትሮል የሚባሉም አሉ፣ 1-877-808-2468። የዓይን ሐኪሙ ቢል ግን እኛው ላይ ቀረ፤ ክሊኒኩ የገንዘብ ድጋፍ ፎርም ስላለው ቀንሰውልን በየወሩ ከፍለን ጨረስን። ፎርሙን ካልጠየቅሽ አይሰጡሽም።

ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ ዝም ብዬ ልቀጥል። አይፎን ከሆነ ስልኳ፣ ሴቲንግ ውስጥ የማይታወቁ ደዋዮችን ዝም የሚያሰኝ አለ፤ ክፈችው። ሐኪሟን፣ ፋርማሲውን፣ ቤተሰቡን ሁሉ ቀድመሽ መዝግቢ፣ አለበለዚያ እነሱም አይጠሩም። ፊደሉን አተልቂላት። የጉግል ኪቦርድ አማርኛ በድምፅ ይቀበላል፤ እናቴ ማይክራፎኑን ተጭና «የደም ግፊት ምግብ» እያለች ራሷ ትፈልጋለች፣ አሁን የሰፈሩን እናቶች የምታስተምረው እሷ ናት። ዌብሳይት ሲሆን መጨረሻው «ዶት ጎቭ» ካልሆነ የመንግሥት ነው ብላ አታምንም፤ «ጎቭ የለውም» ብላ ስትዘጋው ብታያት ትስቂያለሽ።

ለጤና ሜድላይንፕላስ የሚባለው የመንግሥት ገጽ አለ፤ «የተለያዩ ቋንቋዎች» ከሚለው ውስጥ አማርኛን ምረጪ፣ አትመሽ ፍሪጅ ላይ የምትለጥፊያቸው ጽሑፎች ታገኛለሽ። ስኳርን በጥቁር አዝሙድ እናድናለን ከሚሉት ቪዲዮዎች ያድንሻል። ለዜና የእኔ እናት ዓይኗ ስለሚደክም የምትሰማ ነገር ነው የምትወደው፤ የዶይቼ ቬለ አማርኛ ከ1965 ጀምሮ ያለ ነው፣ የሬዲዮ ዝግጅቱን ኢንተርኔት ላይ መልሳ ትሰማዋለች። ለማንበብ ቢቢሲ አማርኛ። ከእነዚህ ውጭ «ሰበር» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ ከዩቲዩቧ ላይ «አይታየኝ» እያልሽ አጥፊላት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ መምጣት ያቆማል።

አገር ቤት ልትሄድ ካሰበች ደግሞ ሜዲኬር እዚያ እንደማይከፍል እወቂ። ዜጋ ሆና ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን በየወሩ የሚከፈል የመንግሥት ድጎማ) ማግኘት ከጀመረች 30 ቀን በተከታታይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየች ክፍያው ይቆማል፤ ለፋሲካ ሄዳ እስከ ክረምት ልቆይ ስትል አስቢበት።

ዲሲ ከሆናችሁ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላቸው፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። «የሚያስተረጉም ልጅ ይዘሽ ነይ» ካሉሽ ሕጉን ጥሪላቸው፣ ወዲያው ለአስተርጓሚ ይደውላሉ። እና ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 የመቀየሪያ ጊዜ ስለሆነ የሻጮቹ ስልክ እንደ ጉድ ይበዛል፣ ያኔ ስልኳን አንቺ ያዢው። የትኛው ስቴት እንደሆናችሁ ጻፊልኝ፣ እዚያ ሺፕ ምን እንደሚባል እነግርሻለሁ።