ሳይሞት የታረደው በሬ

ጥያቄ፦ ከጅማ፣ ዴዶ ነው የምጽፈው። የጎረቤቴ በሬ ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። ሳይሞት ደርሰን አረድነው፤ ሥጋውንም ተከፋፈልን። ደሙ ጥቁር ነበር፣ አልረጋም። የገፈፈው ልጄ እጁ ላይ እብጠት ወጥቶበታል፤ አያመኝም ይላል። የተረፈውን ቋንጣ አድርገነዋል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ልጁን ጤና ጣቢያ ይላኩት። የነገሩኝ ምልክት አባ ሰንጋን ያስጠረጥራል። ቁስሉ አለማመሙ አያዘናጋዎት፤ የአባ ሰንጋ ቁስል ጠባዩ ነው። መጀመሪያ እንደ ትንኝ ንክሻ ያሳክካል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ መሐሉ ጠቁሮ ዙሪያው ያብጣል። አታፍርጡት፣ ቅጠልም አትሰሩበት። «የታመመ በሬ ገፍፌያለሁ» ብሎ ይንገራቸው፤ ካልነገራቸው ተራ ቁስል ሊመስላቸው ይችላል። በጊዜ ከታከመ በአንቲባዮቲክ ይድናል። ሳይታከም ከቀረ ግን ከ5 ሰው 1 ያህሉን ይገድላል። ሥጋውን የበላችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ ትኩሳት፣ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ቋንጣውን ለውሻም አይስጡት። መቀቀሉም መጥበሱም አያስተማምንም። ቆዳውም ቢሆን ገበያ አይውጣ። ሁሉንም 2 ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው፤ የሚቀብረው ሰው እጁንና እግሩን ይሸፍን።

በጅማ ገጠር ይሄ ነገር የተለመደ ነው። ከብት ሲወድቅ በክት እንዳይሆን ቢላዋ ይቀድማል። ቢላዋው ከበክትነት አዳነው እንጂ ከበሽታው አላዳነውም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ሥጋውን የምንካፈለው ጎረቤት በሬውን አጥቶ ባዶ እጁን እንዳይቀር ብለንም ነው። ደግ ሐሳብ ነው። ብሩን አዋጡለት፣ ሥጋውን ተዉት።

የአባ ሰንጋ ሬሳ ካልተከፈተ ጀርሙ በአብዛኛው እዚያው በስብሶ ይጠፋል። ሲገፈፍ ግን አየር ያገኝና ጠንካራ ዘር ይሠራል፤ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ በሬው የታረደበትን ቦታ አጥሩት፤ ከብት እዚያ አይጋጥ።

ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዛሬውኑ ይንገሩ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ በየዓመቱ ይሰጣል። የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ከብት ሁሉ ይከተብ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ «ለማንኛውም» ተብሎ ፔኒሲሊን አብሮ እንዳይወጋ። ክትባቱ ሕይወት ያለው ጀርም ስለሆነ መድኃኒቱ ይገድለዋል። ትኩሳት ያላት ላም ካለች ትታከም እንጂ አሁን አትከተብ።