የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በእጅና በእግር የሚሰማ ማስጠንቀቂያ

ጥያቄ፦ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ በተከሰከሰው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ውስጥ የካፒቴኑ መሪ ገና ከመነሻው ይንቀጠቀጥ እንደነበር አንብቤአለሁ። ተዋጊ ጄቶችስ እንዲህ ያለ መሣሪያ አላቸው? ካላቸውስ በውጊያ መካከል አብራሪውን አያውከውም ወይ? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አዎን፣ በተለይ ኮምፒውተር የአብራሪውን ትእዛዝ እየመዘነ ማሳለፍ ከመጀመሩ በፊት የተሠሩ አንዳንድ ታዋቂ ተዋጊ ጄቶች ይህ መሣሪያ ነበራቸው።

መሣሪያው የሚያስጠነቅቀው ስለ «ስቶል» ነው። ስቶል የሞተር መጥፋት አይደለም፤ ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ በክንፉ ጀርባ ተለጥፎ ይፈስ የነበረው አየር ተላቆ ይተራመሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን የመሸከም አቅሙ ይከዳዋል። ብዙ ሰው ይህ የሚደርሰው አውሮፕላኑ ሲዘገይ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ተዋጊ አብራሪ ጠምዝዞ ሲታጠፍ ክንፉ የአውሮፕላኑን ክብደት አራት እጥፍ ከተሸከመ፣ ስቶሉ የሚጀምረው በቀጥታ በረራ ከሚጀምርበት ፍጥነት እጥፍ ላይ ነው። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያውን ማየት ብቻውን አያድነውም፤ ለማየትም ፋታ የለውም፤ ዐይኑ በትከሻው ላይ ዞሮ ሌላውን አውሮፕላን ይከተላል፣ ጆሮውን ደግሞ ራዲዮው ይዞበታል። የቀረው የእጁና የእግሩ ስሜት ነው።

በ1958 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረውን የአሜሪካ ኤፍ-4 ፋንተም እንመልከት። ማስጠንቀቂያው የተቀመጠው በግራው የእግር ፔዳል ላይ ነበር፤ ማዕዘኑ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ፣ ሚዛኑ ወደ አንድ ጎን ያደላ ክብደት የሚያሽከረክር አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ይነሳና ፔዳሉ ከጫማው ሥር ይርገበገባል። ፋንተም ማዕዘኑ ከፍ ባለ ጊዜ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ አብራሪው ዘንጉን ወደ ቀኝ ቢያዘነብል አፍንጫው ወደ ግራ ይሸሽና አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። በዚህም ምክንያት አብራሪዎቹ በዚያ ሁኔታ ዘንጉን ወደ ጎን ሳያንቀሳቅሱ በእግራቸው እንዲያዞሩት ይማሩ ነበር። ማስጠንቀቂያው ያን ጊዜ መሥራት ያለበትን እግር ራሱን መቀስቀሱ፣ በእኔ አስተያየት፣ እጅግ የተዋጣለት ምርጫ ነው። ድክመቱ አውሮፕላኑ ራሱ በሚንዘፈዘፍበት ጊዜ የፔዳሉ ንዝረት ሊጠፋበት መቻሉ ነው፤ ለዚህም በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማ ድምፅ አብሮት ይሠራ ነበር።

ኤፍ-104 ስታርፋይተር ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። ክንፎቹ አጫጭርና ጠርዛቸው እጅግ ስል ስለነበር የምድር ሠራተኞች እንዳይጎዱ መሸፈኛ ያለብሷቸው ነበር፤ አግድም ጅራቱም በቋሚው ጅራት ጫፍ ላይ የተሰቀለ ነው። ማዕዘኑ ሲበዛ ከፊት የሚመጣው የተረበሸ አየር ጅራቱን ይመታዋል፣ አፍንጫውም አብራሪው ሳያዝዘው ወደ ላይ ይነሳል። ይህ ከደረሰ በኋላ ማስጠንቀቅ ጥቅም ስለሌለው መሐንዲሶቹ ሁለት ደረጃ አበጁ፤ መጀመሪያ ዘንጉ በአብራሪው እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ እርሱ ካልሰማ መሣሪያው ራሱ ዘንጉን ወደ ፊት ይገፋዋል።

ያውከዋል ወይ ላሉት፣ ንቅጥቃጤው አያውክም፤ አብራሪው ዘንጉን መጎተቱን ጥቂት ያላላል፣ ንቅጥቃጤው ሲቆም መታጠፉን ይቀጥላል። ግፊቱ ግን ለመሬት በቀረበ በረራ ላይ በእርግጥ አሳሳቢ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. የበረረው ኤፍ-16 ይህን ሁሉ ትቶታል፤ ዘንጉ ከቦታው የሚንቀሳቀሰው በጭንቅ ነው፣ አብራሪው የቱንም ያህል ቢጎትት ማዕዘኑን 25 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚገታው ኮምፒውተሩ ነው።

ዘንጉን የሚያንቀጠቅጠውም ሆነ የሚገፋው መሣሪያ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚታዘዘው በአውሮፕላኑ አፍንጫ ጎን ላይ እንደ ነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ለሚዞር ትንሽ ምላስ ነው። በበረራ 302 የግራው ጠቋሚ ከእውነቱ እጅግ የራቀ ማዕዘን አሳየ። የካፒቴኑ መሪ የተንቀጠቀጠው በዚህ ሳቢያ ነበር፤ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች የገፋው ሌላው ሥርዓትም ያንኑ የተሳሳተ ንባብ አምኖ ነው፤ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። የካፒቴኑ መሪ የስቶል አደጋ ባልነበረበት አውሮፕላን ላይ መንቀጥቀጥ ጀምሮ እስከ በረራው መጨረሻ አካባቢ ድረስ አላቋረጠም፤ በረዳት አብራሪው በኩል ያለው መሪ ግን አልተንቀጠቀጠም።