ጥያቄና መልስ፦ በ77ቱ ረሃብ የተቀደመው ዘፈን

የሰሞኑ ደብዳቤዎች በአንድ ዘፈን ላይ ተረባርበዋል። እንግሊዞቹ ዋሞች፣ ማለትም ጆርጅ ማይክልና አንድሩ ሪጅሊ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 በነጠላ ያወጡት «ላስት ክሪስማስ» ነው።

አንድ የአዳማ ወንድም ከጓደኛው ጋር ምሳ ተወራርዷል፤ ሙዚቃውን የተጫወተው ማነው? ጆርጅ ማይክል ብቻውን። ሲንተሳይዘሩንም፣ የከበሮ ማሽኑንም፣ ቃጭሏንም ጭምር። አንድሩ ሪጅሊ ቪዲዮው ላይ አለ እንጂ ቀረጻው ላይ እጁ የለበትም።

«የበዓል ዘፈን ነው የፍቅር?» የፍቅር። ቃጭሏን አውጡላትና ሰኔም ላይ ትሰማለች።

ከዱባይ የጻፈች እህት «ገቢው ለእኛ ረሃብተኞች ተሰጥቷል የሚባለው እውነት ነው?» ትላለች።

እውነት ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቢቢሲ የኮረምን እልቂት አሳየ። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ዘፋኞችን ሰብስበው ባንድ ኤይድ በሚል ስም «ዱ ዘይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ»ን አወጡ። ጆርጅ ማይክልም አብሮ ዘፈነ። ይኸው ዘፈን በእንግሊዝ የዘፈን ሽያጭ ደረጃ የገና አንደኛ ሆኖ የራሱን ዘፈን ሁለተኛ አስቀረበት። ዋሞች ደግሞ ከ«ላስት ክሪስማስ» ያገኙትን የሮያሊቲ (የባለመብትነት ክፍያ) ገንዘብ ለዚሁ ረሃብ ሰጡ።

የባንድ ኤይድ ገንዘብ ነፍስ አድኗል፤ እሱን መካድ ነውር ነው። ግጥሙ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዝናብ የለም፣ ወንዝ አይፈስም ይላል። ዓባይስ? ደግሞ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል! ክርስትናን በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበለ አገር እኮ ነው። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ሄደው፣ ነጭ የለበሱት ካህናት ዓለቱ ጠርዝ ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ቢሰሙ ኖሮ ባልጠየቁ። ዋሞች ስለ እኛ አንዲት ቃል አልዘፈኑም። ስለ ተከዳ ልብ ዘፍነው ብሩን ሰጡ። እኔ ይሄኛው ይሻለኛል።

«አንደኛ ሳይሆን ቀረ?» ሆነ እንጂ፤ ጃንዋሪ 2021 ላይ፣ ከ36 ዓመት በኋላ። ጆርጅ ማይክል ግን አልደረሰበትም፤ በ2016 በፈረንጆቹ ገና ዕለት አርፏል።

ለካፌዋ ማስታወቂያ ቪዲዮ ልትጠቀምበት ያሰበችው እመቤት «ትንሽ ብቻ ነው የምቆርጠው» ብላለች። ትንሽም ቢሆን የሰው ንብረት ነው። ሳትለጥፊው የቅጂ መብት የሚያውቅ ጠበቃ አማክሪ። የእህትሽን ልጅ አይደለም፣ እኔንም አይደለም፤ ጠበቃ።

የመጨረሻው «ለቀድሞ ፍቅረኛዬ በገና ዋዜማ ብልክላት ትታረቀኝ ይሆን?» ይላል። ወንድሜ፣ ግጥሙን ሰምተኸዋል? ሰውዬው ልቡን ሰጥቶ በማግስቱ ተጥሎበታል፤ ዘንድሮ ለሌላ ሊሰጥ ነው። በዚህ ነው እርቅ የምትለምነው? ስልክህን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ተኛ። ካልሆነም አማካሪ አይጠፋም።