መልስ፦ ዶፓንት ሲጨመርበት ስለሚዘቅጠው ፖሊመር

ፒ3ኤችቲን (ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ የሚችል ፖሊመር) እና ኤፍ4ቲሲኤንኪውን (አስተላላፊነቱን ለመጨመር የሚታከል ዶፓንት) በክሎሮቤንዚን ሲቀላቅሏቸው ለምን እንደሚዘቅጡ፣ አስተላላፊነቱም ለምን እንደማይሻሻል ጠይቀዋል። በአንድ ብልቃጥ ሲቀላቀሉ የሚዘቅጡት፣ እርስዎ እንደጠረጠሩት ማሟሚያው ክሎሮቤንዚን ተበላሽቶ ሳይሆን፣ ዶፓንቱ ከፖሊመሩ ኤሌክትሮን ወስዶ ሰንሰለቱን ባለ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚያደርገውና በዚህም የመሟሟት አቅሙ ስለሚቀንስ ነው። ዝቃጭ ያለበት ፈሳሽ ሻካራ ፊልም ይሰጣል፤ ስለዚህ ዶፓንት በጨመሩ ቁጥር የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ አለመሻሻሉ አያስደንቅም።

ሁለቱን አይቀላቅሏቸው።

1. መጀመሪያ ፒ3ኤችቲውን ብቻ በስፒን ኮተር (ፈሳሹን በፍጥነት አሽከርክሮ ስስ ፊልም በሚያደርግ መሣሪያ) መስታወቱ ላይ ያንጥፉ። ፊልሙን ማሞቅ ካስፈለገ ጊዜው አሁን ነው።

2. ኤፍ4ቲሲኤንኪውን ፖሊመሩን በማያሟማው ፈሳሽ፣ በአሲቶናይትራይል፣ አሟሙተው በደረቀው ፊልም ላይ ያፍስሱ፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ያሽከርክሩት።

ሐምራዊው ፊልም ወዲያው ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ መለወጥ አለበት። በዚህ መንገድ በሴንቲሜትር ከ1 ሲመንስ በላይ አስተላላፊነት ማግኘት ይቻላል፤ የፊልሙን ውፍረት በትክክል ካልለኩ ግን ቁጥሩን አይመኑት።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እዚህ ጅማ የክረምቱ እርጥበት አስቸግሮኝ፣ ዶፓንት የገባበትን ፊልም ለማድረቅ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጋለ ማሞቂያ ላይ ትቼው ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ሁለተኛው ሳይቀዳ ተመልሼ ባየው ሐምራዊ ቀለሙ ተመልሷል፤ አስተላላፊነቱም ጠፍቷል። የዶፓንቱ ሞለኪውል ትንሽ ስለሆነ በሙቀት ከፊልሙ በቀላሉ ይወጣል። ስለዚህ ናሙናውን ያለ ሙቀት በቫኪዩም ያድርቁት፣ ሲሊካ ጄል ባለበት ዕቃ ያስቀምጡት፣ በዕለቱም ይለኩት።